ከመዳብ ሳፋ የወጣ ዜሮ

መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች፤ ያለ ሳሙና። እስከ ክርኗ ድረስ አሽታ ታለቀልቃለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለች፣ ከዚያ ጓንቷን ታጠልቃለች። በቀንድ አውጣ ቀን ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽቶ የሚባል ነገር የክፍሏን ደጃፍ አያልፍም። ቀጥላ ሁለት ቀን በባልዲ ተቀምጦ ክሎሪኑ የበነነለትን ውሃ በማንቆርቆሪያ ትቀዳለች። አርባ ትንንሽ ብርጭቆዎች በእንጨት ትሪ ላይ በአምስት ረድፍ ተደርድረው ይጠብቋታል። እያንዳንዳቸው ላይ በጥፍር ቀለም የተሰመረች ቀይ መስመር አለች። ውሃው መስመሯን ከነካ ይበቃል።

ከዚያ ወረንጦዋን ታነሣለች። ጫፉን በላስቲክ ጠቅልላዋለች፣ ዛጎል እንዳይሸርፍ። ከሳፋው ውስጥ አንዷን ቀንድ አውጣ በጎኗ ይዛ ታወጣለች። አትጨምቅም። ጭቃዋን አለቅልቃ፣ አፏን ወደ ብርሃን አዙራ፣ በሕይወት መኖሯን አይታ፣ ብርጭቆዋ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ለአንድ ብርጭቆ አንድ ቀንድ አውጣ። አርባው ሲሞላ ትሪው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ፀሐይዋ የመስኮቱን ሁለተኛ ፍርግርግ ስታልፍ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ሰው ትሪውን አይነካም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንኳ ቢሆን።

ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር ሥር ታያለች። የቢልሃርዚያ ትል ልጅነቱን የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ነው። ብርሃን ሲያገኝ እጮቹ ከቀንድ አውጣዋ እየወጡ በውሃው ይበተናሉ፤ በዚያ ሰዓት እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ካለ በቆዳው ይገባሉ። በዓይን ሲታዩ ብናኝ ይመስላሉ። በማጉያው ግን እያንዳንዷ እጭ ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ ጅራት አላት፤ ስትዋኝም ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ ይመስል ትወራጫለች። ብናኝ የታየበት ብርጭቆ በመዝገቡ ላይ አንድ ጭረት ያገኛል።

ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታዋለች። የውሃ ጤና ጣቢያው ከውሃ ልማት ቢሮው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው የእሷ ነው፣ ሁለተኛው የኃላፊውና የፋይሎቹ። በጽዳት ሠራተኝነት ነበር የገባችው። የዚያን ጊዜው ቴክኒሻን ዓይኑ ሲደክም «ነይ እስቲ፣ ይህ ምን ይመስልሻል?» ማለት ጀመረ፤ እሷም ማየት ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት መጥረጊያውን ለሌላ ሰው አስረክባ ኮርስ ገባች። አሁን ሰፈሩ በሙሉ «እሜቴ ቀንድ አውጣ» ይላታል። አትቆጣም። «ከሰው ይልቅ እነሱ ይሻሉኛል፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት» ትላለች። ዘንድሮ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እነሱም ዋሿት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቶ ይገጥማል። የእሷ የፕላስቲክ ሳፋ ወገቡ ላይ መሰንጠቁን በሰማ ጊዜ ከአሮጌ ሥራ የተረፈ የመዳብ ቆርቆሮ አውጥቶ ሦስት ቀን ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። እሑድ ጠዋት በጨርቅ ሸፍኖ አመጣላት። ጨርቁን ስትገልጠው ፊቷ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሳፋ ነው። ከንፈሩ የተጠቀለለ፣ እጀታው የተበየደ።

«ለቀንድ አውጣዎችሽ ቤተ መንግሥት ሠራሁላቸው» አለ።

«ሠላሳ ዓመት ለእኔ አንድ የጆሮ ጌጥ ያልቀጠቀጥህ ሰው!»

«አንቺ ትጨቀጭቂኛለሽ። እነሱ አይጨቀጭቁም።»

ስቃ ተቀበለችው። ሰኞ ከወንዙ ማጠፊያ አርባ ቀንድ አውጣ ለቅማ አዲሱ ሳፋ ውስጥ አሳደረቻቸው።

ስለ ማጠፊያው ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ወንዙ ከከተማው ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፍና ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ አሸዋ ያለው መዋኛ ይሠራል። ልጇ የዋና አስተማሪ ናት። የትምህርት ቤቱ መዋኛ ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስቱ ዓመት ሰማንያ ተማሪዎቿን አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳቸው እያስተኛች አየር ስታስቀዝፍ ኖራለች። «ከተማውን ጎርፍ ቢወስደው ወንበር ላይ የሚዋኙት ይተርፋሉ» እያለ አባቷ ያበሽቃታል። ማጠፊያው እንዲፈቀድላት ሁለት ጊዜ አመልክታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የእናቷ መዝገብ ከልክሏታል። ያለፈው ወር ውጤት እንኳ ከአርባው አሥራ አንድ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እናት አርባውን ብርጭቆ አየች፤ ምንም። ረቡዕ ሌላ አርባ ለቅማ አሳደረች፣ ሐሙስ አየች፤ ምንም። አንዲት ጭረት የለም። ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ዜሮ? የእውነት ዜሮ?»

«ዜሮ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«ዜሮ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ! ብደግመው አይጨምር፣ ባልደግመው አይቀንስ።»

ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎም ሰማንያ ልጅ ሲጮኽ ተሰማ። ኃላፊው በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤ ጻፈ፦ ማጠፊያው ከቅዳሜ ጀምሮ ለዋና ክፍት ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ባሏ ምሳ ሊያደርስላት ሲመጣ ከትሪው የተመለሱት ቀንድ አውጣዎች በሙሉ ከውሃው ወጥተው በሳፋው ከንፈር ላይ፣ እንዳይወጡ ከላይ ከተዘረጋው መረብ ሥር ተደርድረው አገኛቸው።

«እዪ፣ እዪ! ሊሳለሙኝ ወጡ!» አለ።

እሷም ስቃ በጣቷ እየገፋች ወደ ውሃው መለሰቻቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ የቆየች ሴት ይህን አይታ መሳቋ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። የውሃ ቀንድ አውጣ ከውሃ የሚሸሸው ውሃው ሲያቃጥለው ነው። ይህንንም በኮርሱ በሁለተኛው ሳምንት ተምራዋለች።

ዓርብ ጠዋት ክፍሉን ስታጸዳ አሮጌውን የፕላስቲክ ሳፋ ልትጥለው ከጥግ አነሣችው። ከስንጥቁ በታች ሦስት ጣት የሚያህል ያለፈው ወር ውሃ ቀርቷል፤ ግድግዳው ሽበት የመሰለ አረንጓዴ አልጌ አብቅሏል። ሽበቱ ላይ ደግሞ አንዲት የተረሳች ቀንድ አውጣ እየጋጠች፣ ወፍራ፣ ተመችቷት ተቀምጣለች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት።

ልማድ ነውና ብርጭቆ ውስጥ አስገብታ መስኮቱ ላይ አኖረቻት። ፀሐይዋ ሁለተኛውን ፍርግርግ አልፋ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ብርጭቆውን አነሣች። ውሃው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከአንዲት ቀንድ አውጣ እልፍ እጭ። ያቺ ቀንድ አውጣ ደግሞ የማጠፊያው ተወላጅ ናት፤ አሥራ አንድ ከተቆጠረባቸው አርባዎች አንዷ።

ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሣች። ቁጭ ብሎ ማሰብ የእሷ ነገር አይደለም፤ እጇ ሲሠራ ነው ሐሳቧ የሚመጣው። ሁለት ብርጭቆ አዘጋጀች። በአንዱ ከባልዲው፣ በሌላው ከመዳቡ ሳፋ ውሃ ቀዳች። ከዱቄታሙ ብርጭቆ እኩል እኩል ጠብታ በሁለቱም ላይ ጣለችና በማጉያው ማየት ጀመረች። በባልዲው ውሃ ውስጥ ያሉት እንደ ወትሯቸው ይራወጣሉ። በሳፋው ውሃ ውስጥ ያሉት መጀመሪያ ፈጠኑ፣ ከዚያ ዘገዩ፣ ከዚያ በአንድ ቦታ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ታች ተኝተዋል፤ አንዳንዶቹም ጅራታቸው ተለይቷቸዋል።

መዳብ! ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲያድር ከሳፋው እየሟሟ የገባ መዳብ። ቀንድ አውጣዎቹ ሌሊቱን እሱ ውስጥ አድረው፣ ጠዋት ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ቢገቡም እጭ የሚለቁበት ጉልበት አጥተው ነበር።

ሮጣ አታውቅም እንጂ ያን ቀን ሮጣለች። የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ ማጠፊያው ወረደች፣ አርባ ለቀመች፣ በባልዲው ውሃ አለቅልቃ መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ጭረት ነበር። ነገ ጠዋት ሰማንያ ልጅ ሊገባበት ያለው ውሃ ነው።

መጀመሪያ ለኃላፊው ነገረችው።

«እትዬ፣ ደብዳቤው እኮ ወጥቷል» አለ፣ እስክሪብቶውን እያኘከ። «ማኅተም ተመትቶበት!»

«እጮቹ ማኅተም አያነቡም።»

«ሰው ምን ይለናል? ሐሙስ ዜሮ፣ ዓርብ ዘጠኝ!»

«ደብዳቤው የአንተ ነው፣ ዜሮው የእኔ። ዜሮዬን መልስልኝ። እሜቴ ቀንድ አውጣ ተሳሳተች በል፤ በስሜ ጻፈው። ቅር አይለኝም።» ይህን ስትል ግን ጓንቷን ሦስት ጊዜ አወለቀች፣ ሦስት ጊዜ አጠለቀች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ መልሳ የወሰደችው የመጀመሪያው ቁጥር ነበር።

ልጇ ከአባቷ ጋር መጣች፤ እሱ ሳፋውን ብብቱ ሥር ይዞ እንዲወጣ እናት አዝዛዋለች፣ ከክፍሉ እንዲርቅላት።

«ሳፋህ ገዳይ ነው» አለችው።

«ማንን ገደለ?»

«እጮቹን።»

«ታዲያ ሽልማት ይገባዋላ!»

«ወንዙ ውስጥ ያሉትን መቼ ነካቸው? እዚህ የመጡትን ብቻ ነው ዝም ያሰኘው። ስልክህን ስላጠፋህ የደወለልህ ሰው የለም ማለት ነው?»

ባል ሳፋውን አገላብጦ አየው። ያ ሁሉ መቀጥቀጥ! ልጇ ግን ለቀልድ ጊዜ አልነበራትም፤ ዓይኗ ሞልቷል።

«እማዬ፣ ሰማንያ ልጅ ነገ ዋና ልብሱን ለብሶ ይመጣል። ምን ልበላቸው? ወደ ወንበራችሁ ተመለሱ?»

ያኔ ነው ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ ያደረገው። «የታችኛው ድልድይስ? እዚያ አራት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነው! ቦታውን ብቻ እንቀይረው።»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። እውነት ነው፤ የታችኛው ድልድይ የመዝገቡ ኩራት ነበር። እናት ራሷ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለች አስጊጣዋለች፤ ለጎብኚም የምታሳየው ያንን ገጽ ነው። ገጹን ገለጠችው። ኃላፊው አዲስ ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት ሳበ።

ባል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ቀንድ አውጣ አላውቅም» አለ። «ቧንቧ ነው የማውቀው። ከድልድዩ ከፍ ብሎ ያ ብረት የሚለብጡበት ወርክሾፕ አለ አይደል? በመዳብም በክሮምም የሚለብጡት። የፍሳሹን ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው።»

«መቼ ነው የዘረጋኸው?» አለች ሚስቱ።

«አራት ዓመቱ። በዝናቡ መግቢያ።»

ጣቷን መዝገቡ ላይ አስሮጠች። አምስት፣ ሰባት፣ ስድስት፣ ስምንት... ከዚያ የመጀመሪያው አረንጓዴ ዜሮ። ዝናቡ ከገባ ከአንድ ወር በኋላ።

ከዚያ ባል ብብቱ ሥር ያለውን ሳፋ ቀና አድርጎ ያዘ። «ስለዚህ ወንዙ ራሱ...»

«ወንዙ ራሱ ሳፋ ሆኗል» አለች። «ተነሡ፣ ፀሐይ ሳለች እንውረድ።»

ሦስቱ ወረዱ። ኃላፊውም ወረቀቱን ትቶ ተከተላቸው። ከድልድዩ ሥር ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥርት ያለ። አረንጓዴ ሽበት የለ፣ የሚንጫጫ ነገር የለ። ቀንድ አውጣ ፍለጋ ውሃውን ሲያስሱ ቆይተው አንዲትም አላገኙም። ያገኘቻቸው ልጅቷ ናት፤ ውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ሸምበቆው ላይ ተለጥፈው። ስምንት ነበሩ። ዛጎላቸው ሳስቶ፣ ከንፈሩ ተቦርቡሮ። እናት ከዚህ በየወሩ የምትለቅማቸው ቁጥራቸው እያነሰ መምጣቱ ትዝ አላት፤ ዜሮው አስደስቷት ለምን ብላ አታውቅም።

«እነዚህም ሊሳለሙኝ ነው የወጡት?» አለ ባል በዝቅተኛ ድምፅ። ያን ጊዜ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

ጣቢያ ተመልሰው እናት ከስምንቱ ሁለቱን በሁለት መስታወት መሐል ጨፍልቃ በማይክሮስኮፕ አየች። የአንዷ ሆድ ባዶ ነው። በሁለተኛዋ ውስጥ ግን ትሉ እንደ ሩዝ ፍሬ ተደርድሯል። አለ! ትሉ አለ፤ ዘሩን የሚልክበት ጉልበት ነው የሌለው። ቀሪዎቹን ስድስት በንጹሕ ውሃ፣ በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጣ ሰላጣ አበላቻቸው። አንዷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከአምስቱ ብርጭቆዎች በሁለቱ ውስጥ ዱቄት ታየ።

ለኃላፊው ያስረዳችው እንዲህ ነው፦ «ከወርክሾፑ የሚፈሰው ብረት ትሉን ከወንዙ አላጠፋውም። አሳመመው። ቀንድ አውጣዋንም አብሮ አሳመማት። ወርክሾፑ ለጥገና ሁለት ሳምንት ቢዘጋ ውሃው ይጠራል፣ ትሉም አገግሞ ይነሣል። እኛ ዜሮ ብለን የከፈትንለት ልጅ ያኔ ውሃው ውስጥ ነው። እስከዚያ ደግሞ መርዙን እየጠጣ ይዋኛል። ይህን ነው በአረንጓዴ ስጽፍ የኖርኩት።»

ደብዳቤው ግን በዚያው ዓርብ ከሰዓት ተሽሮ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ማጠፊያው ጫፍ ላይ ቆማ ሰማንያውን ልጅ መለሰች። አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። እናት ማጉያዋን ይዛ መጥታ ነበር። አንድ ብርጭቆ ዱቄት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በተራ በተራ አሳየቻቸው። አንዷ ልጅ አይታ «እነዚህ ከእኛ ይሻላሉ፣ ዋና ይችላሉ!» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላለቀሰም።

የታችኛው ድልድይ ውሃ ለዋናው ላቦራቶሪ ተላከ። መዳቡም ክሮሙም ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ወርክሾፑ ፍሳሹን የሚያዘቅጥበትና የሚያክምበት ሦስት ጋን እንዲሠራ ታዘዘ። ቧንቧውን ማን ገጠመ? ባልየው። «የዘረጋሁትን ራሴ እጠቀልለዋለሁ» ብሎ ማንንም አላስጠጋም። ያ እልህ ሳይበርድለት ሁለት ጡረተኛ ግንበኛ ጓደኞቹን አስከትሎ የትምህርት ቤቱን ስንጥቅ መዋኛ ያዘ። በስድስት ሳምንት ውስጥ መዋኛው ውሃ ያዘ። ሦስት ዓመት ወንበር ላይ የቀዘፉት ሰማንያው ልጆች ውሃ ሲገቡ ግማሾቹ በመጀመሪያው ቀን ዋኙ። ልጅቷ አሁን «የወንበር ዘዴዬ» ብላ ለሌሎች አስተማሪዎች ታብራራለች፤ ማን ያስቁማት!

የመዳቡ ሳፋ አልተጣለም። እናት ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ታወርደዋለች፣ ውሃ ትሞላዋለች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ ትጨምርበትና «እስከ ነገ ተመልከቱ፣ ያያችሁትን ጻፉ» ትላለች። በማግስቱ ቀንድ አውጣዎቹ ከንፈሩ ላይ ወጥተው ሲገኙ «ወደውታል» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ትወደዋለች። «የባሌ ዘመድ ነህ» ትለዋለች። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹን ፈጥና ወደ ንጹሕ ውሃ ትመልሳቸዋለች።

መዝገቡ ውስጥም አንድ አዲስ ዓምድ ተጨምሯል። በፊት «ስንት እጭ?» ብቻ ነበር። አሁን ከጎኑ «ቀንድ አውጣዋ እንዴት ናት?» የሚል አለ። በላች ወይ? ተንቀሳቀሰች ወይ? ውሃ ውስጥ ናት ወይስ ውጪ? የታችኛው ድልድይ አራት ዓመት አረንጓዴ ዜሮዎች አልተሰረዙም፤ በእያንዳንዳቸው አጠገብ በቀይ ጥያቄ ምልክት አድርጋለች። ባለፈው ወር እዚያው ድልድይ ሥር አራት ጭረት አገኘች፤ ቀንድ አውጣዎቹም ከሸምበቆው ወርደው ውሃ ውስጥ ነበሩ። ትሉ ተመልሶ ስለመጣ ደስ ሲላት ያያት ኃላፊ ግራ ተጋብቶ ነበር። «አሁን እኮ እውነቱን ነው የሚነግሩኝ» አለችው። «ያለውን ትል እናክማለን፤ መድኃኒት አለው። ዝም ያለውን ምን አደርገዋለሁ?»

ይህ እንደሚጻፍ ስትሰማ ጓንቷን እያወለቀች አንድ ነገር አደራ አለች። በራሷ ቃል ይኸው፦

«ለሚያነበው ሰው ንገርልኝ። በሰፈራችሁ ያለውን ውሃ አይተው 'ትል የለበትም፣ ንጹሕ ነው' ካሏችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ውሃው ውስጥ ሳትገቡ ዳር ዳሩን አንድ ጊዜ ዙሩልኝ። ሸምበቆውን፣ ድንጋዩን እዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ከውሃው ወጥተው ተለጥፈው ካገኛችኋቸው ልጆቹን አውጡና ለሚመለከተው ንገሩ። ናሙና ልታመጡልኝ ከፈለጋችሁም እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ፣ በፕላስቲክ ዕቃ አምጡ። በመዳብ ሳፋ እንዳታመጡብኝ፣ እባካችሁ! አንድ አለኝ፤ እሱም ይበቃኛል።»